ጫማችሁን መርከቡ ውስጥ አስቀምጡ

ሐምቡርግ ያለው አጥቢያችን የራሱ ሕንፃ የለውም። አውሮፓ እንዳሉት ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች እኛም የምንቀድሰው ከጀርመኖች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ገና ሳይነጋ እንገባለን። እነሱ ለጸሎት ሲመጡ እኛ ምንጣፉን ጠቅልለን፣ የዕጣኑን ጢስ በመስኮት አስወጥተን፣ ወጣ ማለት አለብን። ይሄ ሁሉ ተለምዷል። ያልተለመደው የጫማ ነገር ነው። ጀርመን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን አያወልቅም። ስለዚህ ሕንፃው ሲሠራ ለጫማ ቦታ ያሰበ ሰው አልነበረም። የእኛ ጫማ በሩ ላይ ይከመርና ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

አንድ እሑድ የሕንፃው ኃላፊ ቀደም ብለው መጡ። ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ክምሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «እባካችሁ ጫማውን መካከለኛው መርከብ ላይ አትተዉት። የጎን መርከቡ ውስጥ አድርጉት።» ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። ጀርመንኛ ለለመደ ጆሮ ምንም የሚገርም ነገር የለውም። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ መሐል ያለው ረጅሙ አዳራሽ «ሚተልሺፍ» ይባላል። ግራና ቀኝ ያሉት «ዛይተንሺፍ» ናቸው። ሺፍ ደግሞ መርከብ ነው።

አጠገቤ የልጅ ልጅ ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ቆመዋል። «ምን አሉ ሰውዬው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጫማችሁን መርከቡ ውስጥ አስቀምጡ ነው የሚሉት፣ እማማ» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። «ታዲያ ደግ ነዋ ያሉት!» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ከመርከብ ሌላ ምን ሆና ታውቃለች? የኖኅን ረሳኸው እንዴ?» ጫማቸውን አነሱ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ጎን መርከቡ ሄዱ።

እሳቸው ባንድ አፍ የጨረሱትን ነገር እኔ ለወራት ይዤው ዞርኩ። ሺፍ የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ። ወደብ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። ግን ከውሃ ርቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የጫማ ማስቀመጫ ሆኖ ሳገኘው ከየት እንደመጣ ማወቅ አማረኝ።

በቅዳሴው መሐል ቀና ስል ደግሞ ሌላ መርከብ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። የእንጨት ሞዴል ነው። ሦስት ምሰሶ አለው። ገመዶቹ ከስፌት ክር አይወፍሩም፤ ግን እያንዳንዱ በቦታው ታስሯል። ከፊቱ የጥፍር ያህል መልሕቅ ተሰቅሏል። ሸራው ላይ አቧራ ተኝቷል። በሰሜን ባሕርና በባልቲክ ዳርቻ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነው። መርከበኞች ከማዕበል ስለተረፉ፣ ወይም ለማኅበራቸው መታሰቢያ እንዲሆን፣ ሞዴል አሠርተው ይሰጡ ነበር። እኛ ለስለት ጃንጥላ እንደምናስገባው እነሱ መርከብ ያስገባሉ። ሽማግሌውን አዳራሹ መርከብ የተባለው በዚህ ሞዴል ምክንያት ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ በፍጹም!» አሉ። «ሞዴል የሌለበት ቤተ ክርስቲያንም መርከብ አለው። ባሕር አይቶ በማያውቅ መንደር ሳይቀር።»

ዘመዱ የበዛ ቃል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከሥሩ ልጀምር አልኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝኛው ሺፕ፣ ጀርመንኛው ሺፍ፣ ሆላንድኛው ስኺፕ፣ ዴንማርክኛው ስኪብ፣ ስዊድንኛው ሼፕ፣ አይስላንድኛው ስኪፕ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ድምፃቸውን አመዛዝነው ጥንታዊው ቃል «ስኪፓ» የሚመስል ነበር ይላሉ። ዴንማርኮች ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ሞዴልም ሆነ አዳራሹን ያው «ኪርከስኪብ» ነው የሚሉት፤ የቤተ ክርስቲያን መርከብ።

ጀርመንኛው ብቻውን ለምን በ«ፍ» ጨረሰ? በደቡብ ተራራማው አገር የሚኖሩት ጀርመኖች በመካከለኛው ዘመን መባቻ አነጋገራቸውን ስለለወጡ ነው። ከአናባቢ በኋላ የሚመጣው «ፕ» «ፍ» ሆነባቸው። እንግሊዙ ኦፕን ሲል ጀርመኑ ኦፈን ይላል። እንግሊዙ ስሊፕ ሲል ጀርመኑ ሽላፈን። ይሄ ለውጥ ወደ ሰሜን እየገፋ መጣና ባሕሩ ጋ ሳይደርስ ደከመው። ስለዚህ የሐምቡርግ የድሮው አነጋገር፣ ፕላት የሚሉት፣ ዛሬም «ሺፕ» ነው የሚለው። እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው። መርከብ በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ሺፕ ይላሉ። መዝገበ ቃላት ላይ የነገሠው ግን ከተራራው የወረደው ሺፍ ነው።

በነገራችን ላይ ጀርመኖች ከ1996ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ «ሺፍፋርት»ን፣ ማለትም የመርከብ ጉዞን፣ ሲጽፉ «ኤፍ» የሚባለውን ፊደል ሦስት ጊዜ አከታትለው ይደረድራሉ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። አዲስ አበባ ያለው ፍሬንድሺፕ ፓርክ ስሙ ውስጥ መርከብ የለም። የ«ፍሬንድሺፕ» ሺፕ ሌላ ቃል ነው፤ ቅርጽ መስጠትና መፍጠር ከሚል ግስ የወጣ ቅጥያ። እንግሊዝኛ ሁለቱን አንድ አስመሰላቸው እንጂ ጀርመንኛ ለይቶ ይዟቸዋል። አንዱ ሺፍ ነው፣ አንዱ ሻፍት።

ቃሉ ተጽፎ ከምናገኝባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ የጎጦች፣ ማለትም የጀርመኖች ዘመድ የሆነ የጥንት ሕዝብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዉልፊላ የሚባል ጳጳስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎጥኛ የተረጎመው ነው። እኛ ጋ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አክሱም ላይ ክርስትናን ያስተማሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ ትርጉም የተረፈው ዋናው ቅጂ ዛሬ ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ይገኛል። ሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ታስታውሳላችሁ። ማዕበሉ ይነሣል፣ ውሃው ይገባል፣ ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ጎጥኛው እዚያ ላይ «ስኪፕ» ይላል።

የእኛ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያንኑ ቦታ «ታንኳ» ይለዋል። ልክም ነው። የገሊላ ዓሣ አጥማጆች ትልቅ መርከብ አልነበራቸውም። ይህ የነገረኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ሺፕ ሲባል ኮንቴይነር የጫነ ተራራ ይታየናል። ያኔ ግን ቃሉ ጥቂት ሰው ለሚይዝ ጀልባም ያገለግል ነበር። መጠኑ አልነበረም ቁም ነገሩ። ታዲያ ምን ነበር?

የተሰነጠቀ ግንድ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠውም የሚያጠራጥረውም። ላቲኖች መርከብን ናዊስ አሉ፣ ግሪኮች ናውስ፣ ሕንዶች በሳንስክሪት ናው። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ነው። የሰሜን ሰዎችም ይህንኑ ቃል ወርሰው ነበር። ትራፊው በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ፣ ማለትም በቫይኪንጎቹ አነጋገር፣ ይታያል። ኖርዌዮች የጀልባ ማስገቢያ ቤትን ዛሬም «ናውስት» ይሉታል። የባሕሩ አምላክ የኒዮርድ መኖሪያም «ኖዓቱን» ነበር፤ የመርከብ ግቢ እንደማለት። ለዕለት ንግግር ግን ያን የተከበረ ቃል ትተው «ስኪፕ» ያዙ። ለምን?

አንደኛው መላምት ቃሉን መቁረጥና መሰንጠቅ ከሚል ሥር ያወጣዋል። ግሪክኛው ስኺዞ፣ መሰንጠቅ፣ ከዚያው ነው። ጀርመንኛው ሻይደን፣ መለየት፣ ከዚያው ነው። ለማገዶ የተፈለጠ እንጨትም ጀርመንኛው «ሻይት» ይለዋል። እንግዲህ መርከብ ማለት መጀመሪያ የተፈለጠ፣ የተቦረቦረ ግንድ ነበር ማለት ነው። ሌላው መላምት ደግሞ ቃሉ ጨርሶ የእነሱ አይደለም ይላል። በባሕሩ ዳርቻ ቀድሞ ይኖር ከነበረ፣ ቋንቋው ከጠፋ ሕዝብ የተወሰደ ነው። ዚግመንድ ፋይስት የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ሐሳብ አራገበው። ብዙዎቹ የባሕር ቃላት ሌላ ቦታ ዘመድ አይገኝላቸውም ብሎ። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን አብዝቶታል ይላሉ። ጠንቃቃ መዝገበ ቃላት «ምንጩ ግልጽ አይደለም» ብሎ ያልፋል።

እኔ መጀመሪያ ልቤ ወደ ተሰነጠቀው ግንድ ነው ያዘነበለው። እጅ ያለበት ታሪክ ነዋ። ሆላንድ ውስጥ ፔሰ በምትባል መንደር አካባቢ በ1955 መንገድ ሲሠራ ከመሬት የወጣ የጥድ ጀልባ አለ። አሰን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ሦስት ሜትር ያህል ነው። አንድ ግንድ ተወስዶ ሆዱ ተቦርቡሯል፣ አለቀ። ዕድሜው ግን 10,000 ዓመት ገደማ ነው። የሠሩት ሰዎች የጀርመን ቋንቋዎች ከመወለዳቸው እጅግ በፊት የነበሩ ናቸው። ሥራውን ግን ላየ ሰው «ቆርጦ ማውጣት» ማለት ምን እንደሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ዴንማርክ ሮስኪልዴ የሚገኘው የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም ስሄድ ነገሩ የበለጠ ተጫነኝ። እዚያ አምስት መርከቦች አሉ። በ1070 ገደማ የጠላት መርከብ እንዳያልፍ ሆን ተብለው ሰርጡ ውስጥ የሰመጡ ናቸው። በ1962 ተቆፍረው ወጡ። ትልቁ 30 ሜትር ይደርሳል። የተሠራው በ1042 አካባቢ ነው፤ እንጨቱም ከደብሊን አካባቢ የተቆረጠ ኦክ ነው። ሙዚየሙ አጠገብ የድሮውን አሠራር የሚከተሉ አናጢዎች ይሠራሉ። ወፍራም የኦክ ግንድ መሬት ላይ ተጋድሟል። አናጢው ጫፉ ላይ ሽብልቅ ተከለና በመዶሻ መታው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ተከለ። ደግሞ መታ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከግንዱ ውስጥ የሚንጣጣ ድምፅ ተሰማ። ስንጥቁ ራሱ መንገዱን እያወቀ ሮጠ። ግንዱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት። ከዚያ በመጥረቢያ ይላጋሉ። ቫይኪንጎቹ ለሳንቃው መጋዝ አልያዙም። መጋዝ የእንጨቱን ጭረት ይቆርጠዋል። ስንጥቅ ግን ጭረቱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሳንቃው ስስ ሆኖም ጠንካራ ነው፣ ማዕበል ሲመታው አይሰበርም፣ ይለመጣል። ሬንጅ የቀመሰው እንጨት ሽታ ልብሴ ላይ አብሮኝ ሐምቡርግ ገባ።

መርከብ ማለት የተሰነጠቀ ነው ብዬ ልደመድም ምንም አልቀረኝም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዘመኑን ስቆጥር አልገጥም አለኝ። አልስ ከምትባለው የዴንማርክ ደሴት በ1921 የወጣ አንድ ጀልባ አለ፤ ዮርትስፕሪንግ ይባላል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 350 ዓመት ገደማ ነው። ቃሉ ተወለደ ከሚባልበት ዘመንም ብዙ አይርቅም። ይህ ጀልባ የተቦረቦረ ግንድ አይደለም። ስስ የሊንደን ሳንቃዎች ተደራርበው በገመድ የተሰፉ ናቸው። ርዝመቱ 19 ሜትር ይጠጋል። ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት ነው። ታኪቱስ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊም በ98 ስለ ስዊድን ሰዎች ጀልባ ሲያወራ ይህንኑ ነው ያነሣው፤ በሁለቱም ጫፍ አፍንጫ አላት፣ ሸራ የላትም ይላል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች «ስኪፕ» ሲሉ ዓይናቸው ፊት የነበረው የተሰፋ ጀልባ ሊሆን ይችላል። ቃል ደግሞ ከዕቃው በፊት ሊወለድ፣ ከዕቃውም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የተሰነጠቀው ግንድ ታሪክ ደስ ይለኛል፣ አልምልበትም።

የጣና ታንኳ ደግሞ በጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እየተጠቀለለ ይታሰራል። አይቦረቦርም፣ አይሰነጠቅም። መርከብ የሚለው ቃላችንም ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው፤ ሐሳቡ መሳፈር ነው እንጂ መሥራት አይደለም። አንዱ ሕዝብ የተሳፈረበትን ያያል፣ አንዱ ምናልባት የቆረጠውን።

ሆድ ያለው ነገር ሁሉ

ጥንታዊው ጀርመንኛ ውስጥ ቃሉ ማስቀመጫ ዕቃም ነበር። ፈሳሽ የሚይዝ፣ ሆድ ያለው ነገር። ይህ ትርጉም ዛሬ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው። ነገር ግን አሮጌ የጀርመን ገጠር ቤት ውስጥ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ ካያችሁ፣ ጎኑ ላይ ውሃ የሚሞላበት ሣጥን አለው። ወጥ ሲበስል ውሃውም አብሮ ይሞቃል። ያ የውሃ ሣጥን «ሺፍ» ይባላል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ባላገር ማድ ቤቱ ውስጥ መርከብ ነበረው ማለት ነው።

የሸማኔ መወርወሪያም ጀርመንኛው «ሺፍሸን» ይለዋል፤ ትንሿ መርከብ። የወታደር ታጣፊ ቆብም ያው። እዚህ ላይ ቅርጹን ብቻ ነው ያዩት። ብዙ አልቆይበትም።

አምስት መርከብ በላስታ

ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ አሮጌ የጀርመንኛ የጉዞ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑ ተላጧል። ስለ ላሊበላ የሚለውን ገጽ ገለጥኩ። ቤተ መድኃኔ ዓለም። ጸሐፊው ሕንፃውን ባንድ ቅጽል ነበር የገለጸው፦ ፉንፍሺፊግ። ባለ አምስት መርከብ።

ቆሜ ቀረሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ማንኛውም የጀርመን አርክቴክት የሚጠቀምበት ደረቅ የሙያ ቃል ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ አራት ረድፍ ዓምዶች አሉ፤ ውስጡን አምስት ረጃጅም መተላለፊያ አድርገው ይከፍሉታል። አምስት መተላለፊያ ያለው ሕንፃ «ፉንፍሺፊግ» ነው። የኮሎኝ ካቴድራልም ፉንፍሺፊግ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በጀርመንኛ ፊደል ላሊበላን እያነበብኩ፣ ሌላ ነገር ታየኝ።

የኮሎኝ ካቴድራል በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ ነው የወጣው። ስሕተት ቢፈጠር ድንጋዩን አውርዶ ሌላ መተካት ይቻላል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ግን አልተገነባም። መጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ አንድ ግዙፍ አለት ለብቻው ቆመ። ከዚያ ሆዱ ተቦረቦረ። ዓምዶቹን ያቆማቸው የለም፤ ዙሪያቸው ሲወጣ እነሱ ቀሩ። ጣሪያውም ከሥሩ ያለው ተጠርቦ ሲወጣ የተረፈ ነው። 33 ሜትር ያህል የሚረዝም ቤት ከአንድ ድንጋይ። መሮው አንድ ቦታ ቢስት ጥገና የለውም።

ይሄ የፔሰው ጀልባ አሠራር ነው። ትልቅ ነገር ትይዛለህ፣ ያልተፈለገውን ታወጣለህ፣ የቀረው ቤትህ ነው። ያ የመቁረጥና የመቦርቦር መላምት እውነት ከሆነ፣ በዓለም ላይ ሺፍ የሚለው ቃል በደንብ የሚገባው የድንጋይ ሕንፃ ኮሎኝ ያለው አይደለም። ላስታ ተራራ ላይ ያለው ነው። ጸሐፊው ይህን አላሰበም። አርክቴክቶቹም አላሰቡም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የቤተ መድኃኔ ዓለምን ፎቶ ባየሁ ቁጥር አምስት ግንድ ጎን ለጎን ተቦርቡሮ ይታየኛል።

በእርግጥ አጋጣሚ ነው። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሺፍ የተባለው ከግንድ ሥራ የተነሣ አይደለም፤ የላቲኑን ናዊስ ተርጉመው ነው። ላቲኖቹ ደግሞ ከአበው የወሰዱት ምሳሌ አላቸው። «የሐዋርያት ሥርዓቶች» የሚባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሥርዓት መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ረዘም ብላ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ መርከብ መስላ ትሠራ ይላል። ጳጳሱን እንደ መርከብ አለቃ፣ ዲያቆናቱን እንደ መርከበኞች ያያቸዋል። ዲድስቅልያ የሚባለው የእኛ የሥርዓት መጽሐፍ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ አስጎብኚዎች አዳራሹ መርከብ የተባለው ጣሪያው የተገለበጠ መርከብ ስለሚመስል ነው ይላሉ። አልቀበለውም። መጽሐፉ ስለ ጣሪያ ያነሣው ነገር የለም። ምሳሌውም እነዚያ ከፍ ያሉ የድንጋይ ጣሪያዎች ከመሠራታቸው በፊት የነበረ ነው።

እማማ ያሉት ይሄንኑ ነው። ላሊበላ ላይም አስጎብኚዎቹ ቤተ ጊዮርጊስን የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ይላሉ። እኔ በሥርወ ቃል ዞሬ ዞሬ የደረስኩበት ቦታ እሳቸው ጫማቸውን ይዘው ቀድመውኝ ቆመዋል። ሐቁን ለመናገር ትንሽ ተናድጃለሁ።

የሚገርመው ግን የእኛ አገር አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ክብ መሆኑ ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፤ አንዱ ሌላውን ዞሮ ያቅፋል። ሐምቡርግ ላይ ያንን ክብ ቀጥ ባለ አዳራሽ ላይ ዘርግተነዋል። መቅደሱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ካህናቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ወደ በሩ። ደብተራው ከበሮውን ይዞ ለመዞር ወንበሮቹ ያስቸግሩታል። ልጆች ደግሞ መሐል ያለውን ረጅም መንገድ ሲያዩ መሮጥ ያምራቸዋል። ክብ ውስጥ ያደገ ሥርዓት መርከብ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው መዞሪያ ነው።

ከመርከቡ የወረደው ግስ

የቃሉ ጉዞ እዚህ አላበቃም። ኖርሶች ከስኪፕ «ስኪፓ» የሚል ግስ አወጡ። መርከብን ማሰናዳት ማለት ነው፤ ቀዛፊውን በየቦታው ማስቀመጥ፣ ሸራውን፣ ስንቁን፣ መሣሪያውን ማሟላት። አይስላንዶች ዛሬም ግሱን ይናገሩታል፤ ትርጉሙ ግን ማዘዝና መሾም ሆኗል። በ911 የፈረንሳይ ንጉሥ ሮሎ ለሚባል የቫይኪንጎች አለቃ ሰሜናዊውን ዳርቻ ሰጠው። አገሩ ኖርማንዲ ተባለ። ሰዎቹ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። የመርከብ ቃላቸውን ግን አልጣሉም። ስኪፓ በድሮው ፈረንሳይኛ ኤስኪፔ ሆነ፣ ከዚያ ኤኪፔ። የመርከብ ሠራተኞች ቡድን ኤኪፕ ተባለ። ዛሬ ፈረንሳዮች የእግር ኳስ ቡድንን በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። እንግሊዞችም ከፈረንሳዮች ወስደው ኢኩዊፕ አሉ፣ ኢኩፕመንት አሉ።

ኢኩፕመንት ደግሞ እኛ ቤት ገብቷል። የባሕር በር የለንም ብሎ የሚያዝነው የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ሳያውቀው መርከብ እያሰናዳ ነው የሚውለው። ላብራቶሪው ኢኩፕመንት የለውም። ዎርክሾፑ ኢኩፕመንቱ አልተሟላለትም። ኢኩፕመንት ይገዛልን ተብሎ ለግዥ ክፍል ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውም ማኅተም ተደርጎበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየቀዘፈ በጀት ዓመቱ ያልቃል።